ሐዋ ፍየሏን ፍለጋ የወጣች ዕለት

በነሐሴ ወር፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከሰመራ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ፣ በሚወስደው መንገድ ላይ ደራሽ ውሃ አንድ ተሳቢ መኪና ወሰደ። መኪናው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሾፌሩ ደረጀና ረዳቱ ከማል። በማግስቱ የከማል አስከሬን ተገኘ። ደረጀ አልተገኘም።

በሥራ ዘመኔ ከጻፍኳቸው ዜናዎች አጭሩ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ባለፈው ሰኔ ጡረታ ስወጣ የሰመራ ሬዲዮ ጣቢያ ባልደረቦቼ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሰብሰብ ብለው ሸኙኝ። ከወጣቶቹ አንዷ፣ "ጋሽ ታደሰ፣ ከሠሩት ሁሉ አንድ ዜና ብቻ ይዘው ይውጡ ቢባሉ የቱን ይይዛሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። የሚኒስትር ጉብኝት ወይም የፋብሪካ ምረቃ የምጠራ መስሏት ነበር። ይህንን ጠራሁላት። ከዚያ ሁሉም "ይንገሩን" አሉና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አወራሁ። በሰመራ ሻይ የሚቀዘቅዘው ወሬ ሲበዛ ብቻ ነው።

ሥራ የጀመርኩት አዋሽ ሰባት ነው። ያኔ ከተማዋ አንድ ረጅም መንገድ ነበረች ማለት ይቻላል፤ በግራና በቀኝ የቆሙ የጭነት መኪኖች፣ ጎሚስታዎች፣ ጋራዦች፣ ምግብ ቤቶች። የእኔ ዜና የሽንኩርት ዋጋ፣ የተገለበጠ ቦቴ፣ የተቋረጠ ውሃ ነበር። ምሳዬን የምበላው ከመንገዱ ዳር ምግብ ቤት ካላት ከብርቄ ዘንድ ነው። ብርቄ ከመንዝ የመጣች፣ ድምፅዋ ከሞተር በላይ የሚሰማ ሴት ነበረች። እናትና አባቷ ስለሞቱ ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። ያ ታናሽ ወንድም ደረጀ ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ዕለት ለተመጋቢው ሁሉ ጥብስ በነጻ ስታድል እኔም ነበርኩ።

ከአዋሽ ለጥቂት ዓመታት ወደ መልካ ወረር ተዛወርኩ። እዚያ የጥጥ ተመራማሪዎቹ አንድ ጥያቄ አስተማሩኝ፤ "ከምን ጋር ሲነጻጸር?" ይህ ጥያቄ ብዙ ባለሥልጣን አስቀይሞብኛል። ደመወዙ እንደማንኛውም የመንግሥት ደመወዝ ነበር፤ ስለሱ የምለው የለኝም። ከዚያ ወደ ሰመራ ተመደብኩ። ሰመራ ጥላ የሌለባት አዲስ ከተማ ነበረች፤ ንፋሱ ማይክሮፎን ውስጥ ገብቶ እንደ በሬ ያገሳል። መፍትሔው የሱፍ ካልሲ ነበር፤ ማይኩን ካልሲ እናለብሰዋለን። የድምፅ መቅጃውን ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ከውሃ ጄሪካኑ ጎን እናስቀምጠዋለን፤ አለበለዚያ መኪናው ውስጥ ተቃጥሎ ይሞታል። ሥራውን ግን ያስተማሩኝ ጋሽ ሁመድ ናቸው።

ጋሽ ሁመድ የአፋርኛው ክፍል አንጋፋ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥያቄ ሲከብዳቸው ከኪሳቸው መፋቂያ የሚያወጡ ሰው። አብረን መጀመሪያ በወጣንበት ቀን መንገድ ላይ አንድ ግመል የሚነዳ ሰው አገኘን። እኔ ቸኩዬ ነበር። ከመኪናው ወርጄ፣ ካልሲ የለበሰውን ማይክ ሰውዬው አፍ ላይ ደቅኜ፣ "ድርቁ ምን ጉዳት አደረሰ?" ብዬ በሾፌራችን አስተርጓሚነት ጠየቅሁ። ሰውዬው ካልሲውን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ግመሉ ዞረ። ጋሽ ሁመድ ክንዴን ያዙኝ።

"ታደሰ፣ ዜና ሳትሰጥ ዜና የምትጠይቅ አንተ ማን ነህ? ቀረጥ ሰብሳቢ ነህ?"

ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሰውዬውም ቁጭ አለ። ጋሽ ሁመድ መጀመሪያ የራሳቸውን ሰጡ፤ ከየት እንደመጡ፣ መንገዱ ላይ ምን እንዳዩ፣ የት ዝናብ እንደጣለ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደሞተ። ሰውዬው በተራው የራሱን ሰጠ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ይህ ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይለዋወጡ ማለፍ ነውር ነው። ያየ "አየሁ" ይላል፤ የሰማ ደግሞ ከማን እንደሰማ ይናገራል። ብዕርና ማይክ የወጡት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ጋሽ ሁመድ ከሰውዬው ጋር ሲነሱ እኔ ከፈለግሁት በላይ ይዘው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልቀመጥ የጠየቅሁት ሰው ጥቂት ነው።

ወደዚያ ዓርብ ልመለስ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሁመድና እኔ ጎርፉ መኪናውን የወሰደበት የወንዝ መሻገሪያ ላይ ደረስን። ውሃው ጎድሎ አሸዋና የተሰባበረ ግንድ ትቶ ነበር። መኪናው ታች በጎኑ ተኝቷል፤ የጋቢናው መስኮት የለም። የከማል አስከሬን ብዙም ሳይርቅ ተገኝቶ ነበር። ከማል የድሬዳዋ ልጅ ነው። ጋሽ ሁመድ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆነው አጠቡት፣ ሰገዱበት፣ ተቀበረ። ደረጀን እስከ ማታ ፈለግን።

ማታ አርታኢያችን ከአዲስ አበባ ደወለ። "ሌላው ጣቢያ ሁለት ሰዎች ሞቱ ብሏል። እኛ ለምንድነው አንድ የምንለው?"

ጋሽ ሁመድ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። "እኔ ያጠብኩት አንድ ነው" አሉት። "ሁለተኛውን እናንተ ካያችሁት የት እንዳለ ንገሩን፤ እንቀብረዋለን።"

ዜናው "አንድ ሰው ሞተ፣ ሌላው አልተገኘም" ተብሎ ተላለፈ።

በማግስቱ ጋሽ ሁመድ ፈቃድ ወጥተው ለልጃቸው ሠርግ ወደ አፋምቦ ሄዱ። ፍለጋው በእኔ እጅ ቀረ። የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ጻፍኩ። ጥሩ አድርጌ ነበር የጻፍኩት፤ አሁንም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ዕድሜው ሠላሳ ሁለት፣ መልኩ ጠይም፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ጂንስ ሱሪና ነጭ ባለመስመር ሸሚዝ የለበሰ..." አንድ ባልደረባ ወደ አፋርኛ መለሰልኝ። ጠዋትና ማታ አነበብነው። አንድ ሳምንት አለፈ። ማንም አልመጣም። ሁለተኛውም አለፈ።

ብርቄ በየቀኑ ከአዋሽ ትደውላለች። "አለ?" ትላለች። "የለም" እላለሁ። ትዘጋለች።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወደ አዋሽ ሄድኩ። ምግብ ቤቱ ክፍት ነበር፤ ብርቄ እንደወትሮዋ ታዛለች፣ ትቆጣለች። ጎረቤቶቿ ግን በር ላይ ያዙኝ። የዕድሩ ዳኛ ሽማግሌ ናቸው፤ በቁጣ ነው የተቀበሉኝ።

"ድንኳኑን አውጥተን ሁለት ጊዜ መልሰናል። እርም ማውጣት እንቢ አለች። ለምን? አንተ በሬዲዮ 'አልተገኘም' ብለሃላ! ሴትየዋን በአንድ ቃል አንጠልጥለህ አስቀረሃት። ትቅበርና ታልቅሳ!"

"የሚቀበር ነገር አላገኘንም፣ አባባ።"

"ጎርፍ የወሰደው ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ የት ይቀመጣል? ሆቴል ይዟል?"

እውነታቸውን ነው። ሌሎቹ ጣቢያዎች ሁለት ሞቱ ብለው ዘግተውታል፤ በሩን ክፍት የያዝነው እኛ ብቻ ነበርን። ትክክለኛ ዜና በሰው ላይ ሸክም ሊሆን እንደሚችል እስከዚያ ቀን ድረስ አልተሰማኝም ነበር።

ብርቄ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። "ተዉት፣ ምን አደረገ?" አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ታዴ፣ እስቲ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ። ሞቷል በለኝና ፀጉሬን ልላጭ።"

"አላውቅም፣ ብርቄ።"

"እንግዲያው እኔም አላውቅም። የማላውቀውን አላለቅስም።" ሽርጧን አራግፋ መልሳ አሰረች። "ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እቆማለሁ። ነፍስ ይማር አልልም። መንገድ ምራው ነው የምለው። ተሳስቼም ከሆነ እሱ ያርመዋል። አርታኢ አይደል?"

ያን ያህል ዓመት ስበላ ስለ ሥራዬ የማወራውን ስትሰማ ኖራለች ማለት ነው። ወጥ ጨምራ አቀረበችልኝ።

ሰመራ ስመለስ ጋሽ ሁመድ ከሠርጉ ተመልሰዋል። ማስታወቂያህን አምጣ አሉኝ። አነበቡት። መፋቂያቸውን አወጡ።

"እናንተ የምትፈልጉት ሸሚዙን ነው ወይስ ሰውዬውን?"

"እንዴት ማለት?"

"መኪና የገለበጠ ጎርፍ ለሰው ሸሚዝ ያስቀርለታል? ደግሞ ያዳነው ሰው ካለ፣ እርጥብ ሸሚዝ አልብሶት ይቀመጣል? ሽርጥ ሰጥቶታል። ጠይም ነው ትላለህ፤ እዚህ አገር ጠይም ያልሆነ ማን አለ? ታደሰ፣ ይህ የፖሊስ ነው። ዳጉ እንዲህ አይሰጥም። ዳጉ ላይ ሰው የሚታወቀው በወጣበትና በሚፈለግበት ነው። እሱን ማን እንደሚጠብቀው አልተናገርክም እኮ!"

ወንበር ስበው ተቀመጡና በአፋርኛ ጻፉ። ለእኔ በአማርኛ የነገሩኝ እንዲህ ነው፤

"የአዋሽዋ ብርቄ፣ መንገደኛ የምታበላዋ፣ ወንድሟን ትፈልጋለች። ወንድሟ ሾፌር ነው። በገላፊ መንገድ ውሃው በወረደበት ዓርብ ከነመኪናው ሄደ። አብሮት የነበረውን ሰው ሞቶ አይተናል፣ ቀብረነዋል። እሱን ያየው የለም። በሕይወት ካለ የት ነው? ከሞተ ማን ቀበረው? ያየ ይናገር። የሰማም ከማን እንደሰማ ይናገር። እህቱ አላለቀሰችም፤ ዳጉ እየጠበቀች ነው።"

ማታውኑ በራሳቸው ድምፅ አነበቡት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከምሳ በፊት፣ አንድ የተሳቢ ሾፌር የጣቢያው በር ላይ ጥሩምባ ነፋ። ከጅቡቲ መልስ ነው፤ ፊቱ አቧራ ብቻ ነው። "ሁመድ የሚባሉ ሰውዬ እዚህ ናቸው?" አለ። "አንድ የአፋር ሽማግሌ መንገድ ላይ አገኘኝና 'ለሁመድ ንገርልኝ' አለኝ። 'ከውሃ የወጣ ሰው አለ፣ እግሩ ተሰብሯል፣ የሐዋ ቤት ነው፤ እኔ ራሴ አላየሁም፣ የሐዋ አማች ነው የነገረኝ' በል አለኝ። በዚሁ ቃል ንገር ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ ፈተና ነው የመሰለኝ!"

ጋሽ ሁመድ መፋቂያቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። "ሱብሐነላህ" አሉ። ወዲያው ወጣን።

ከአስፋልቱ ወጥተን፣ የሐዋን ሰዎች እየጠየቅን፣ ረጅም መንገድ ሄድን። ዝናቡ ከጣለ በኋላ ሜዳው አረንጓዴ ለብሷል። ሰዎቹ ከብቶቻቸውን ይዘው ሣሩን ተከትለው ከመንገዱ ርቀዋል። ደረጀንም በግመል ጭነው ይዘውት ሄደዋል። እኛ ወንዙን ስንፈልግ እሱ በተቃራኒው ወደ ሣሩ እየተጓዘ ነበር። ወሬው በግጦሹ መሐል ሲዞር ቆይቷል፤ ነገር ግን ደረጀ ያኔ አፋርኛ አያውቅም፣ እሱን በሬዲዮ ከተነገረው ሸሚዝ ጋር ያገናኘውም ማንም አልነበረም።

የሰሌን ጎጆ ውስጥ ተኝቶ አገኘነው። ሽርጥ ለብሷል። ከስቷል። እግሩ በእንጨት ተደግፎ ታስሯል፤ የሐዋ አማች ወጌሻ ነው። አጠገቡ የፍየል ወተት በዕቃ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝ።

"ጋሽ ታደሰ፣ በሬዲዮ ሞቻለሁ እንዴ?"

"አልሞትክም። አልተገኘህም ነው የተባለው።"

"እንግዲያው አሁን አስተካክሉት።" ሳቀ፣ ወዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ከማልስ?"

ጋሽ ሁመድ ቁጭ ብለው እጁን ያዙና ነገሩት። ያዩትን፣ ያጠቡበትን ውሃ፣ የተቀበረበትን ቦታ ሁሉ ነገሩት። ምንም አላስቀሩም።

እዚያ ኔትወርክ አልነበረም። አስፋልቱ ጋ እስክንደርስ ስልኩን በእጄ ይዤ ነበር።

"አለ?" አለች ብርቄ።

"አለ።"

"አየኸው?"

"አየሁት።"

"በዓይንህ? ሰው ነግሮህ አይደለም?"

"በዓይኔ። ጨብጬዋለሁ። እግሩ ተሰብሯል እንጂ ደህና ነው፤ ወደ ሆስፒታል ይዘነው እየሄድን ነው።"

ከጀርባዋ የሰሃን ድምፅ ይሰማል። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ድምፅዋ ወደ ድሮው ተመለሰ። "ቆይ፣ ሽንኩርቱ እያረረ ነው! አንቺ ልጅ፣ አውርጂው አላልኩሽም?" ስልኩ ተዘጋ። እንደገና ስደውል አላነሳችም። የዕድሩ ዳኛ በኋላ እንደነገሩኝ ጓዳ ገብታ እስከ ማታ አልቅሳለች፤ እሳቸውም በር ላይ ተቀምጠው ሰው እንዳይገባ ከልክለውላታል።

ለከማል አባት መደወል ደግሞ ነበረብኝ። ያን ስልክ ለመደወል ብዙ አመነታሁ። ልጁን የቀበረን ሰው ምን ብሎ ሌላው ተረፈ ይሉታል? ነገርኳቸው።

"ከልጄ ጋር የነበረው? አለ?" አሉ። "አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ ልጄ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ የሚነግረኝ ሰው ተገኘ።"

ደረጀ ዱላ ይዞ መሄድ እንደጀመረ መጀመሪያ የሄደው ወደ ድሬዳዋ ነው። ምን እንደነገራቸው አልጠየቅሁትም።

የዘጋቢ ልማድ ሆኖብኝ ነገሩን ወደ ኋላ ተከተልኩት። ያን ወሬ ማን ለማን እንዳቀበለ፣ እያንዳንዱን ሰው ፈልጌ አነጋገርኩ። በዚያ መንገድ ማንም የሠራውን ሥራ የእኔ ነው አይልም። የተሳቢው ሾፌር፣ "እኔ ምን አደረግሁ? ጎማዬ ተንፍሶ ቆሜ ነው ሽማግሌው የደረሰብኝ" አለ። ሽማግሌው፣ "ስኳር ልገዛ ሄጄ ነው፤ ባለሱቁ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር" አሉ። ባለሱቁ ደግሞ፣ "እውነቱን ልንገርህ? ዘፈን ስፈልግ ነው እዚያ ላይ የደረስኩት፤ ሽማግሌው 'ተው አትቀይረው' አሉኝ" አለኝ።

መጨረሻ ላይ ሐዋ ዘንድ ደረስኩ። ሐዋ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለች፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ሴት ናት። ጋሽ ሁመድ አስተረጎሙልኝ። ዝናቡ ሲያባራ አንዲት ፍየል ጎደለቻት። ልትፈልጋት ወጣች። ወንዙ ጋ ስትደርስ ዱካ አልነበረም፤ ውሃው አጥቦታል። ወደ ላይ ልትሄድ ነበር፤ ወደ ታች ሄደች። ከእሾህ ቁጥቋጦ ጋር ተይዞ ደረጀን አገኘችው።

"ለምን ወደ ታች ሄድሽ?" ብዬ ጠየቅኋት።

አሰበችበት። ጥያቄው የሞኝ ሳይመስላት አልቀረም። "አላህ ነው የሚያውቀው" አለች።

የሙያችን ሕግ ግልጽ ነው፤ አንዱ ምንጭ ወደ ሌላው ይመራል፣ ዘጋቢ የመጀመሪያው ምንጭ ጋ እስኪደርስ ይሄዳል። እኔም ሄጃለሁ። ሁሉም በጣታቸው ወደ አንድ ቦታ ጠቆሙ፤ ማይክ ልዘረጋለት የማልችለው ቦታ። በዚያን ሰሞን የጻፍኩት ዜና "በእግዚአብሔር ቸርነት" የሚል ሐረግ ነበረው። አርታኢው ሰርዞ፣ "በማን ተረጋገጠ?" ብሎ ጠርዙ ላይ ጻፈበት። ትክክል ነበር፤ አልተከራከርኩም። ይህ ግን ዜና አይደለም። ስለዚህ ሐረጉን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ፤ ደረጀ በእግዚአብሔር ቸርነት ተገኘ። በተነፈሰ ጎማ፣ በስኳር፣ ዘፈን በሚፈልግ ባለሱቅ፣ በጠፋች ፍየል በኩል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሲሠራ ያየሁት በዚህ መንገድ ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ፣ በራሳቸው ጉዳይ በሚሄዱ ሰዎች እግር። የከማልን ነገር ግን አልፈታሁትም። ጋሽ ሁመድንም ጠይቄያቸው ነበር። መፋቂያቸውን አወጡና፣ "አላውቅም በል። አላውቅም ማለትም ዳጉ ነው" አሉኝ።

ጋሽ ሁመድ ካረፉ ቆይተዋል። ከጡረታዬ በኋላ መጀመሪያ ያደረግሁት ጉዞ ወደ ሐዋ ነበር። ደረጀ ነድቶ ወሰደኝ፤ ትንሽ ያነክሳል። ብርቄ አንዲት ፍየል ገዝታ በእኛ ልካ ነበር። ሐዋ ፍየሏን አየቻት፣ ጥርሷን አየች፣ ተቀበለች።

መሬት ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ እኔ የያዝኩትን ሰጠሁ፤ ደረጀ በዚያ ሰሞን የለመዳትን አፋርኛ አስፍቶ አስተረጎመልኝ። አዋሽ ዝናብ እንዳልጣለ፣ የሽንኩርት ዋጋ እንደናረ፣ ብርቄ ደህና እንደሆነች፣ እኔ ሥራ እንዳቆምኩ፣ ጋሽ ሁመድ እንዳረፉ ነገርኳት። የጋሽ ሁመድን ማረፍ ከእኔ በፊት ሰምታለች፤ ከማን እንደሰማችም ነገረችኝ። ከዚያ እሷ የራሷን ሰጠች። ሲያልቅ፣ በዚያን ጊዜ ሳልጠይቃት የቀረሁትን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት፤ ያቺ የጠፋችው ፍየልስ?

ሐዋ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ተመለከተች። ነጭ ነበረች አለች፤ ግራ ጆሮዋ ብቻ ጥቁር። አልተገኘችም።